ውድ አዲስ መድኃኒት በአቅም የሚገኘው በየትኛው መንገድ ነው? የውዴታ ፈቃድ፣ የግዴታ ፈቃድ፣ የጋራ ግዢ ወይስ የራስ ፋብሪካ

ሌናካፓቪር በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመርፌ እየተሰጠ ኤችአይቪን የሚከላከል መድኃኒት ነው። በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ተካሂዶ በ2024 ውጤቱ ይፋ በሆነው ጥናት፣ መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዲትም በቫይረሱ አልተያዘችም። አምራቹ የአሜሪካ ኩባንያ ጊሊያድ በ2025 በአገሩ የሽያጭ ፈቃድ ሲያገኝ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት ዋጋ 28,218 ዶላር እንዲሆን ቆረጠ። ሦስት ወር እንዳለፈ ሁለት የህንድ አምራቾች ከዓለም አቀፍ ለጋሾች ጋር ተስማምተው፣ ያንኑ መድኃኒት ከ2027 ጀምሮ ለ120 አገሮች በዓመት 40 ዶላር ገደማ እንደሚያቀርቡ ተነገረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች፣ ወሮችና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሁለቱ ዋጋ ልዩነት ከ700 እጥፍ ይበልጣል። ሞለኪውሉ ግን አንድ ነው። ይህን ገደል የፈጠረው ማን እንዲያመርት፣ ለማን እንዲሸጥና በማን ገንዘብ እንዲገዛ የሚወስን ውል ነው። ውሉ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። አንድ አገር ውድ የሆነን አዲስ መድኃኒት ለዜጎቹ ለማድረስ የሚይዛቸው መንገዶች ስድስት ያህል ናቸው፤ እያንዳንዱ በአንድ ቦታ ተአምር ሠርቶ በሌላ ቦታ ከንቱ ሆኖ ታይቷል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በጤና እቅድ ላይ ለሚሠሩ፣ ለፋርማሲስቶች፣ ለሕሙማን ማኅበራት፣ ለጋዜጠኞችና የሚወዱት ሰው የሚወስደው መድኃኒት ዋጋ እንቅልፍ ለነሳቸው ሁሉ ነው።

ከመንገዱ በፊት ማነቆውን መለየት

መድኃኒት ያልደረሰበት አገር ላይ ስንወያይ ብዙ ጊዜ ሁሉንም ጥፋት በፓተንት፣ ማለትም ፈልሳፊው ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን እንዲያመርትና እንዲሸጥ በሚሰጠው መብት ላይ እንደፈድፋለን። ማነቆው ግን ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የፓተንት መብት፣ የማምረት ዕውቀት፣ የመድኃኒት ምዝገባ ወይም የገዢ አቅም። ፓተንቱን ብትሰብር ዕውቀቱ ከሌለህ ፋብሪካው ባዶውን ይቆማል። ርካሹ ምርት ተገኝቶ በአገሩ ተቆጣጣሪ ካልተመዘገበ ጉምሩክን አያልፍም። ሁሉም ተሟልቶ የሚገዛ ከሌለ አምራቹ መስመሩን ይዘጋል።

ስለ ፓተንት በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ፓተንት በየአገሩ ለየብቻ የሚሰጥ መብት ነው፤ በአንድ አገር ያልተመዘገበ ፓተንት በዚያ አገር ማንንም አያግድም። በድሃ አገሮች ብዙ ኩባንያዎች ለማስመዝገብ እንኳ አይደክሙም። ታዲያ ለምን እንቸገራለን? መድኃኒቱ የሚመረተው እዚህ ስላልሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፓተንት የሌለበት መድኃኒት በህንዷ ከተማ በሃይደራባድ ፓተንት ካለበት፣ የሃይደራባዱ ፋብሪካ ለእኛም ቢሆን ማምረት አይችልም።

ይህ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ህንድ በ1970 ባወጣችው ሕግ ለመድኃኒት ምርቶች ፓተንት መስጠት አቁማ ነበር፤ ከለላ የነበረው የአሠራር ዘዴው ብቻ ነው። ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ በ2001 በምዕራቡ ዓለም ከ10,000 ዶላር በላይ ያወጣ የነበረውን የአንድ ዓመት የኤችአይቪ ሕክምና በ350 ዶላር ለማቅረብ የቻለው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። በ2005 መጀመሪያ ህንድ የዓለም ንግድ ድርጅትን ግዴታ ለማሟላት ሕጓን ቀየረች። ከዚያ ወዲህ የተፈጠረ መድኃኒት ሁሉ በህንድ ፓተንት ሊያገኝ ይችላል። ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት መንገዶች ሁሉ ያን በር መልሶ ለመክፈት የተደረጉ ሙከራዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

የውዴታ ፈቃድ

የፓተንቱ ባለቤት ራሱ ለጄኔሪክ (የዋናውን መድኃኒት ቅጂ ለሚሠሩ) አምራቾች፦ «አምርቱ፣ ነገር ግን ለእነዚህ አገሮች ብቻ ሽጡ» ብሎ የሚፈርመው ውል ነው። ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ኩባንያው ከመረጣቸው አምራቾች ጋር በቀጥታ የሚዋዋልበት ነው። ጊሊያድ ለሌናካፓቪር በጥቅምት 2024 ከህንድ፣ ከፓኪስታንና ከግብፅ አምራቾች ጭምር ከ6 ኩባንያዎች ጋር ያደረገው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለተኛው በመካከለኛ ድርጅት በኩል የሚያልፍ ነው። በ2010 በጄኔቫ የተቋቋመው ሜዲስንስ ፓተንት ፑል ከባለቤቶቹ ጋር ተደራድሮ ፈቃዱን ይቀበልና ብቃት ላላቸው አምራቾች ያከፋፍላል፤ የውሎቹንም ሙሉ ቃል ለሕዝብ ያወጣል።

ይህ መንገድ ምን ያህል እንደሚሠራ ዶሉቴግራቪር የተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ምስክር ነው። ፈቃዱ በ2014 ተሰጠ፤ በ2017 ዶሉቴግራቪርን ከሌሎች ሁለት መድኃኒቶች ጋር በአንድ ክኒን የያዘው ሕክምና ለአንድ ሰው በዓመት 75 ዶላር ገደማ እንዲሸጥ ስምምነት ተደረሰ፤ በ2023 ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለወባ ገንዘብ የሚያቀርበው ግሎባል ፈንድ የሚገዛበት ዋጋ ከ45 ዶላር በታች ወረደ። በኢትዮጵያ ከኤችአይቪ ጋር የሚኖሩ ወገኖች በየቀኑ የሚወስዱት ክኒን ይኸው ነው። አምራቾቹ ብዙ ስለሆኑ እርስ በርስ ይፎካከራሉ፤ ዋጋውን ያወረደው የኩባንያው ቸርነት ሳይሆን ይህ ፉክክር ነው። አንድ አምራች ብቻ የሚጠራበት የውዴታ ፈቃድ ተመሳሳይ ውጤት ያመጣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ድክመቱ በአገሮቹ ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ባለቤቱ ነው፤ የሚያወጣውም ገበያውን እያሰበ ነው። ሌናካፓቪር በአርጀንቲና፣ በብራዚል፣ በሜክሲኮና በፔሩ በፈቃደኞች ላይ ተሞክሯል፤ አራቱም አገሮች ከ120ው ዝርዝር ውጭ ናቸው። ሰውነታቸውን ለሙከራ የሰጡ ሰዎች ለውጤቱ ሲሰለፉ «እናንተ መካከለኛ ገቢ አላችሁ» መባላቸው ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ነው ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። ኢትዮጵያ በዶሉቴግራቪርም በሌናካፓቪርም ዝርዝር ውስጥ አለች። ይህ ዛሬ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የአገር ገቢ ሲያድግ ግን ከዝርዝሩ መውጣት እንደሚመጣ መርሳት አይገባም።

የውዴታ ፈቃድ ሰነድ እጃችሁ ከገባ ከዋጋው በፊት የምታነቧቸው አንቀጾች አሉ። አምራቹ ዋናውን ንጥረ ነገር ከፈለገው ቦታ መግዛት ይችላል ወይስ ከባለቤቱ ብቻ? ከዝርዝሩ ውጭ ያለ አገር የግዴታ ፈቃድ ቢያወጣ አምራቹ ሊሸጥለት ይችላል ወይ? የማምረት ዕውቀቱ አብሮ ይተላለፋል ወይስ ወረቀቱ ብቻ? ሁለተኛው ጥያቄ ለብዙዎች ጥቃቅን መስሎ ይታያል፤ በተግባር ግን የግዴታ ፈቃድን ጉልበት የሚሰጠው ወይም የሚነሳው እሱ ነው።

የግዴታ ፈቃድ

መንግሥት የፓተንቱን ባለቤት ሳያስፈቅድ ሌላ አምራች እንዲያመርት ወይም ከውጭ እንዲያስገባ ሲያዝ የግዴታ ፈቃድ ይባላል። ስርቆት አይደለም። ትሪፕስ የተባለው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 31 ይፈቅደዋል፤ ለባለቤቱም ተገቢ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። በ2001 የድርጅቱ አባላት ያወጡት የዶሃ መግለጫ ደግሞ ምክንያቱን የመወሰን ነፃነት የየአገሩ መሆኑን በግልጽ አስቀምጧል። «የግዴታ ፈቃድ ለወረርሽኝ ጊዜ ብቻ ነው» የሚለው አባባል በየስብሰባው ይሰማል፤ ስህተት ነው። አስቸኳይ ሁኔታ የሚያስቀረው ከባለቤቱ ጋር ቀድሞ የመደራደርን ግዴታ ነው እንጂ ለመብቱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም።

ሲሠራ እንዴት እንደሚሠራ ህንድ በ2012 አሳይታለች። የባየር ንብረት የሆነው ሶራፌኒብ የተባለ የጉበትና የኩላሊት ካንሰር መድኃኒት በወር 280,000 ሩፒ ገደማ ይሸጥ ነበር። መንግሥት ናትኮ ለተባለ የአገሪቱ አምራች የግዴታ ፈቃድ ሲሰጥ ዋጋው በወር 8,800 ሩፒ ሆነ፤ ለባየር በመጀመሪያ የሽያጩ 6 በመቶ፣ በኋላም 7 በመቶ እንዲከፈለው ተወሰነ። ብራዚል በ2007 ኤፋቪሬንዝ ለተባለው የኤችአይቪ መድኃኒት ለአንድ ክኒን 1.59 ዶላር ትከፍል ነበር፤ ለታይላንድ የተጠየቀው 0.65 ዶላር ነበር። ብራዚል ድርድሩ ሲከሽፍ የግዴታ ፈቃድ አውጥታ ከህንድ በ0.45 ዶላር ገደማ ገዛች።

ሆኖም ከብራዚል ታሪክ ብዙም የማይነገረው ክፍል ሁለተኛው ነው። መድኃኒቱን በራሷ የመንግሥት ፋብሪካ ለማምረት ሁለት ዓመት ገደማ ፈጀባት። ፓተንት ላይ የተጻፈው መግለጫ መድኃኒቱን በኢንዱስትሪ ደረጃ ለማምረት የሚያስፈልገውን ሁሉ አይናገርም፤ ኬሚስቶቿ ሂደቱን ራሳቸው ፈልገው ማግኘት ነበረባቸው። ብራዚል ብቃት ያላቸው ኬሚስቶችና ፋብሪካ ነበሯት። የሌለው አገርስ?

የሌለው አገር ዕጣ በሩዋንዳ ታይቷል። አንቀጽ 31 በግዴታ ፈቃድ የተመረተ መድኃኒት በዋነኛነት ለአገር ውስጥ ገበያ እንዲውል ስለሚያዝ፣ ፋብሪካ የሌላቸው አገሮች ከሌላ እንዲያስገቡ በ2003 ልዩ አሠራር ተበጀ። በ2007 ሩዋንዳ የኤችአይቪ መድኃኒት ከካናዳው አፖቴክስ ለመግዛት በዚሁ አሠራር ለመጠቀም አሳወቀች። የመጀመሪያው ጭነት የተላከው በ2008፣ ሁለተኛው በ2009 ነው። አሠራሩ እጅግ አድካሚ ሆኖ ስላገኘው ኩባንያው ድጋሚ እንደማይሞክረው ተናገረ። ቦሊቪያም በ2021 ለኮቪድ ክትባት በዚሁ በኩል ከአንድ የካናዳ አምራች ጋር ተዋውላ ነበር፤ የካናዳ ፈቃድ ስላልተገኘ አንድም ክትባት አልደረሳትም። ሕጉ በወረቀት ላይ የድሆች መብት ነው፤ በተግባር ግን ላኪውም ተቀባዩም በየጭነቱ እየተፈተሹ የሚያልፉበት ጠባብ በር ሆኗል።

ፖለቲካዊ ዋጋም አለው። ታይላንድ በ2006 መጨረሻና በ2007 መጀመሪያ ለኤችአይቪና ለልብ መድኃኒቶች ተከታታይ የግዴታ ፈቃዶች ስታወጣ አቦት ኩባንያ አዳዲስ መድኃኒቶቹን ለምዝገባ ያቀረበበትን ማመልከቻ ከታይላንድ አነሳ፤ አሜሪካም አገሪቱን በንግድ ክትትል መዝገቧ ላይ ከፍ አድርጋ አስቀመጠቻት። ይሁንና አሜሪካ ራሷ በ2001 የአንትራክስ ባክቴሪያ የተላከባቸው ደብዳቤዎች በፈጠሩት ድንጋጤ ባየርን «ፓተንትህን እናልፈዋለን» የሚል ማስፈራሪያ ላይ አስቀምጣ፣ ሲፕሮ የተባለውን አንቲባዮቲኩን የአንድ ክኒን ዋጋ ከ1.77 ዶላር ወደ 0.95 ዶላር አስወርዳለች። ኃያላኑ ለራሳቸው ሲሆን መሣሪያውን እንደሚያውቁበት ማስታወስ ለተደራዳሪ ልብ ይሰጣል።

ከዚህ የማወጣው ፍርድ ይህ ነው፤ የግዴታ ፈቃድ ትልቁ ኃይሉ ባልተመዘዘበት ጊዜ ነው። ማሌዥያ በ2017 ለሄፓታይተስ ሲ መድኃኒት የግዴታ ፈቃድ ለማውጣት ስትዘጋጅ፣ ቀደም ሲል ከውዴታ ፈቃዱ ዝርዝር ውጭ አድርጓት የነበረው ጊሊያድ እሷን ጨመራት። ለዚህ ግን ዛቻው የሚታመን መሆን አለበት። ሕጉ የወጣ፣ ሂደቱ የታወቀ፣ የሚያቀርበው አምራች በስም የተለየ መሆን አለበት። ሕጉ ውስጥ አንቀጹ ስላለ ብቻ ማንም አይፈራም።

ፓተንቱን ገና ሳይሰጥ መቃወም

ይህ መንገድ ከሚገባው በታች የሚታወቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ለሕሙማን ማኅበራት ከሁሉ የሚቀርብ ሆኖ አገኘዋለሁ። ኩባንያዎች በአንድ መድኃኒት ላይ የሚያስመዘግቡት አንድ ፓተንት አይደለም። ዋናው ሊያበቃ ሲል በጨው ዓይነቱ፣ በአወሳሰዱ፣ በሕፃናት ቅርጹ ላይ ሌላ ይጨምራሉ። ህንድ በሕጓ አንቀጽ 3(መ) ላይ የታወቀ ንጥረ ነገር አዲስ ቅርጽ ፈዋሽነቱ ካልጨመረ ፓተንት አይሰጠውም ብላለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2013 ኖቫርቲስ ግሊቬክ ለተባለው የካንሰር መድኃኒቱ ያቀረበውን ጥያቄ ውድቅ ያደረገው በዚህ መሠረት ነው።

መድኃኒት በተላመደ ቲቢ ላይ የሚሠራው ቤዳኩዊሊን ታሪክ ልብ ይነካል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ፓተንቱን ለማራዘም በህንድ ያቀረበውን ጥያቄ የተቃወሙት ከቲቢ የዳኑ ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ከህንድ፣ ሌላዋ ከደቡብ አፍሪካ። ሁለቱም ቤዳኩዊሊን ከመምጣቱ በፊት በነበረው መርዛማ ሕክምና የመስማት ችሎታቸውን አጥተዋል። በመጋቢት 2023 የህንድ ፓተንት ቢሮ ከእነሱ ጋር ተስማማ። በዚያው ዓመት የጋራ ግዢው ዋጋ ለስድስት ወር ሕክምና ወደ 130 ዶላር ወረደ፤ ኩባንያውም ተጨማሪ ፓተንቶቹን በ134 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች እንደማያስከብር አስታወቀ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ በሙምባይ የተደረገው ክርክር የእኛም ጉዳይ ነበር።

ትልቁ ምሳሌ ግን ግብፅ ናት። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ድረስ በቢልሃርዚያ ዘመቻ በደንብ ባልጸዱ መርፌዎች ምክንያት ሄፓታይተስ ሲ በሕዝቧ ላይ ተሰራጭቶ ነበር። ጊሊያድ ሶፎስቡቪር የተባለውን የዚህን በሽታ መድኃኒት በ2013 መጨረሻ ሲያወጣ የአሜሪካው ዋጋ ለ12 ሳምንት 84,000 ዶላር ነበር። ግብፅ መጀመሪያ ተደራድራ በ900 ዶላር ገዛች፤ ብዙዎች ይህን ድል ብለውት ነበር። የፓተንት ጥያቄው በአገሪቱ ተቀባይነት ስላላገኘ ግን የግብፅ ፋብሪካዎች ራሳቸው ማምረት ጀመሩ፤ ሙሉ ሕክምናው ከ100 ዶላር በታች ሆነ። ከ2018 ጀምሮ በ7 ወራት ውስጥ ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የተመረመረበት ዘመቻ የተቻለው በዚህ ዋጋ ነው። በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታውን ለማጥፋት በሚደረገው ጉዞ የወርቅ ደረጃ የሰጣት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። የግብፅ ጥንካሬ የፓተንት ቢሮው ውሳኔ ብቻ አልነበረም፤ ፋብሪካዎቹ፣ ምርመራውና የመንግሥት በጀት በአንድ ጊዜ ተገናኙ።

ከኩባንያው ጋር በቀጥታ መደራደር፣ ልገሳም

ፈጣን ነው፤ በተለይ አምራቹ አንድ ብቻ በሆነበት ጊዜ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። አደጋው ምስጢራዊነቱ ነው። በ2021 መጀመሪያ ደቡብ አፍሪካ የአስትራዜኔካን የኮቪድ ክትባት ከህንዱ አምራች በ5.25 ዶላር ስትገዛ፣ የአውሮፓ ኅብረት 2.15 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር። ሌላው ምን እንደሚከፍል የማያውቅ ተደራዳሪ ቅናሽ የተደረገለት ይመስለዋል።

ልገሳ የራሱ ቦታ አለው። በአማራ ክልል ትራኮማን ለመዋጋት የሚታደለው የፋይዘር አዚትሮማይሲንና ለኦንኮሰርካይሲስ (ለወንዝ ዳር ዕውርነት) የሚሰጠው የመርክ አይቨርሜክቲን ለዓመታት በነፃ ሲመጡ ኖረዋል። እነዚህ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚወሰዱና በሽታውን ለማጥፋት ግብ የተቀመጠላቸው ናቸው። ዕድሜ ልክ ለሚወሰድ መድኃኒት ግን በልገሳ ላይ መተማመን ሕሙማንን በሌላ ሰው መልካም ፈቃድ ላይ ማንጠልጠል ነው።

የጋራ ግዢ

ግሎባል ፈንድ፣ ክትባት የሚገዛው ጋቪና የቲቢ መድኃኒት የሚገዛው ግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ የብዙ አገሮችን ፍላጎት አንድ ላይ አድርገው ይደራደራሉ። አምራቹ ምን ያህል እንደሚሸጥ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ዋጋውን ዝቅ ያደርጋል። ጥራቱም በዓለም ጤና ድርጅት ቅድመ ብቃት ምዘና ስለሚረጋገጥ ትንሽ አገር ለብቻዋ ከምታደርገው ቁጥጥር ይሻላል። የውዴታ ፈቃድ ያለ ጋራ ግዢ ግማሽ ሥራ ነው፤ የዶሉቴግራቪርን ዋጋ ያወረደው ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው።

ችግሩ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ስንጠይቅ ይመጣል። በ2025 የአሜሪካ የውጭ ዕርዳታ በድንገት ሲታገድና ዩኤስኤድ ሲፈርስ ብዙ አገሮች መድኃኒታቸው በሌላ አገር ምርጫ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን አዩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ግሎባል ፈንድ 18 ቢሊዮን ዶላር ጠይቆ 11.34 ቢሊዮን ቃል ተገባለት። በተጨማሪም የጋራ ግዢው ጥላ ኤችአይቪን፣ ቲቢን፣ ወባንና ክትባቶችን ይሸፍናል፤ ለካንሰር፣ ለስኳርና ለደም ግፊት ያን ያህል ገዢ የለም። የካንሰር መድኃኒት ኒሎቲኒብ በ2022 በሜዲስንስ ፓተንት ፑል በኩል የውዴታ ፈቃድ ሲያገኝ በካንሰር መስክ የመጀመሪያው ነበር፤ ፈቃዱን ተከትሎ የሚገዛ ግሎባል ፈንድ ግን በዚያ መስክ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የራሷ ማዕከላዊ ገዢ አላት፤ የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እጁን የሚይዘው ግን የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር ያልተነካ ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ሊያድግ ችሏል። በዶላር ዋጋ ላይ የተገኘ ቅናሽ በብር ተመንዝሮ መታየት አለበት፤ አለበለዚያ የእቅድ ሠራተኛው የሚያየውና የፋርማሲው መስኮት ላይ የቆመችው እናት የምታየው አይገናኙም።

በአገር ውስጥ ማምረት

ከሁሉ በላይ የምንመኘው ይህ ነው፤ ስለዚህም ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የደቡብ አፍሪካው አስፐን በ2022 የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የኮቪድ ክትባት በራሱ ስም አምርቶ በአፍሪካ ለመሸጥ ፈቃድ አገኘ። ፓተንቱ ተፈቷል፤ ዕውቀቱ ተላልፏል፤ ፋብሪካው ዝግጁ ነው። ትእዛዝ አልመጣም። ለአፍሪካ የሚገዙት ድርጅቶች ሌላ ቦታ ገዝተው ጨርሰው ነበር። ጋቪ በ2024 ለአፍሪካ ክትባት አምራቾች እስከ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚደርስ ማበረታቻ ያዘጋጀው ከዚህ ዓይነቱ ትምህርት በኋላ ነው።

የተቃራኒው ምሳሌ ጎረቤታችን ኬንያ ነው። ዩኒቨርሳል ኮርፖሬሽን የተባለው አምራች ዶሉቴግራቪርን የያዘውን ክኒን ለማምረት በ2023 የዓለም ጤና ድርጅትን ቅድመ ብቃት አገኘ፤ በ2025 ግሎባል ፈንድ ከእሱ ገዝቶ ለሞዛምቢክ ላከ። አፍሪካ ውስጥ የተመረተ የመጀመሪያ ደረጃ የኤችአይቪ ሕክምና በዚህ መልክ ሲገዛ የመጀመሪያው ነበር። ልዩነቱ ገዢው አስቀድሞ መኖሩና ጥራቱ በዓለም አቀፍ መለኪያ መረጋገጡ ነው።

በኢትዮጵያ የቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመድኃኒት ተብሎ ተለይቷል፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ2025 የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎችን በሚመዝንበት የብስለት ደረጃ 3 ላይ ደርሷል። ይህ ለውጭ ገበያም በር የሚከፍት ስኬት ነው። ነገር ግን ዋናውን ንጥረ ነገር ከውጭ አስገብቶ ክኒን መጭመቅና ማሸግ ከውጭ ምንዛሪ ጥገኝነት ሙሉ በሙሉ አያላቅቅም። አዲስ ፋብሪካ ሲመረቅ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ለስንት ዓመት፣ ስንት መጠን ለመግዛት የፈረመ ማን ነው?

ኢንሱሊንና ሌሎች ከሕያው ሴል የሚሠሩ መድኃኒቶች

እስካሁን ያልሁት በአብዛኛው በኬሚካል ለሚሠሩ ክኒኖች ነው። ከሕያው ሴል የሚመረቱት ላይ ሚዛኑ ይገለበጣል። የኢንሱሊን ፈጣሪዎች በ1923 ፓተንታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጠዋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ የዓለም ገበያ በዋናነት በሦስት ኩባንያዎች እጅ ነው። በ2024 ከሦስቱ አንዱ ኖቮ ኖርዲስክ የሰው ኢንሱሊን ብዕሮችን ለደቡብ አፍሪካ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ማቅረብ ሲያቆም ያገደው ፓተንት አልነበረም። ሞደርናም በ2020 በወረርሽኙ ጊዜ የክትባት ፓተንቱን እንደማያስከብር አስታውቆ ነበር፤ የአሠራር ዕውቀቱን ስላላጋራ የኬፕታውኑ ኩባንያ አፍሪጀን ከታተመ መረጃ ተነስቶ ራሱ መሥራት ነበረበት። እዚህ የግዴታ ፈቃድ ብቻውን ጉልበት የለውም። የሚያዋጣው ከአንድ በላይ አምራች የሚያስመዘግብ ተቆጣጣሪ፣ የረጅም ጊዜ የግዢ ውልና ዕውቀት የሚያስተላልፍ ሽርክና ነው።

ለኢትዮጵያ ብመርጥ

ለኤችአይቪ፣ ለቲቢና ለሄፓታይተስ ክኒኖች የውዴታ ፈቃድና የጋራ ግዢ መጀመሪያ ይምጡ። የአገር ውስጥ ጉልበት ምዝገባውን በማፋጠን ላይ ይዋል፤ ርካሹ ምርት ህንድ ውስጥ ተዘጋጅቶ እዚህ በወረፋ የሚቆይበት ጊዜ ሁሉ የሰው ሕይወት ነው። ለካንሰርና ለስኳር በሽታ የጋራ ገዢ ስለሌለ ከጎረቤት አገሮች ጋር አብሮ መግዛትን መጀመር፣ ሰማግሉታይድ የተባለውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ፓተንት የመሰሉ ፓተንቶች በህንድ ከ2026 ጀምሮ የሚያበቁበትን ጊዜ አስቀድሞ ማወቅና ለምዝገባ መዘጋጀት ይጠቅማል። ሜዲስንስ ፓተንት ፑል በነፃ የከፈተው ሜድስፓል የተባለ የመረጃ ቋት የትኛው መድኃኒት በየትኛው አገር ፓተንት እንዳለበት ያሳያል፤ የሕሙማን ማኅበራትም ሊጠቀሙበት ይችላሉ። የግዴታ ፈቃድ ሥርዓት ደግሞ ባይመዘዝም ተስሎ ይቀመጥ።

አንድ ጉዳይ ግን ከእነዚህ ሁሉ ምርጫዎች በላይ ይቆማል፤ የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት። ኢትዮጵያ ማመልከቻዋን ያስገባችው በ2003 ነው፤ ድርድሩም በቅርብ ዓመታት ተፋጥኗል። በእድገት ወደኋላ የቀሩ አባል አገሮች ለመድኃኒት ፓተንት ከመስጠት እስከ ጥር 1 ቀን 2033 ነፃ ናቸው፤ ከአብዛኛው የትሪፕስ ግዴታ ደግሞ እስከ ሐምሌ 1 ቀን 2034። አዲስ ገቢ አገር ግን በድርድሩ ላይ ይህን መብት ሊያስወስድ ይችላል። ካምቦዲያ በ2004 ስትገባ ለሌሎች ተመሳሳይ አገሮች ለመድኃኒት ፓተንት ከተሰጠው ጊዜ ቀድማ፣ ከ2007 ጀምሮ ትሪፕስን ልትፈጽም ተስማምታለች። የኢትዮጵያ የአባልነት ሰነድ ሲረቀቅ የ2033ቱ ጊዜ በስሙ ተጠቅሶ መጠበቁን፣ የኩባንያዎችን የሙከራ መረጃ ለዓመታት የሚዘጋ ወይም የፓተንት ዕድሜ የሚያራዝም አንቀጽ አለመግባቱን መመርመር ያስፈልጋል። ይህን ለንግድ ተደራዳሪዎች ብቻ መተው አይገባም፤ የጤና ሚኒስቴር፣ የመድኃኒት ባለሥልጣኑና የፋርማሲ ባለሙያዎች ማኅበር ከፊርማው በፊት ጠረጴዛው ላይ ሊኖሩ ይገባል።